ለማን ብዬ ልነሳ

አባቴን በሕልሜ የማየው ሁልጊዜ ሳንቃ ላይ ነው። ቦታው ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ከገበያው ዝቅ ብሎ የነበረው የቡና መጋዘን። አንድ የጭነት መኪና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል፤ ከመሬት እስከ መኪናው ጀርባ ድረስ አንዲት ጠባብ ሳንቃ ተጋድማለች። ያካፋል። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ግማሹን ሸፍኖታል። አባቴ ጆንያ ተሸክሞ በባዶ እግሩ ይወጣል። ፊቱ አይታየኝም፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ሳንቃዋን ይነካታል፣ ከዚያ ሌሎቹ ጣቶች ይወርዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ተረከዙ። በሕልሜ ውስጥ መኪናው ላይ ደርሶ አያውቅም። ይወጣል፣ ይወጣል፣ እኔ እነቃለሁ።

በእውን ግን ሁልጊዜ ይደርስ ነበር። ጫኝና አውራጅ ሆኖ ያን ሁሉ ክረምትና በጋ ሲሠራ ከዚያች ሳንቃ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። የወደቀው ቤቱ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ እኔ ባሠራሁለት ወለል ላይ ነው። ይህን መናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ቢያሳፍረኝም እናገረዋለሁ።

አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሚዛን ላይ የቀረ ሰው ነበር። እናቴ እኔ ትምህርት ሳልጨርስ አረፈች። እኔ ሴት ልጁ አስተማሪ ሆኜ ቴፒ ስመደብ፣ አባቴ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሚዛን ቀረ። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፤ ለሰው መነሳቱን። እንግዳ ሲገባ የተቀመጠ ሰው መነሳቱ፣ «ኖር» ማለቱ፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ መመለሱ የሁላችንም ወግ ነው። የአባቴ ግን ልክ አልነበረውም። ለሽማግሌ ይነሳል፣ ለወተት አምጪዋ ይነሳል፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ጎረምሳ ይነሳል። ያውም ቀስ ብሎ አይደለም። የሚቀመጠው ከመሬት ስንዝር ከፍ በምትል በርጩማ ላይ ነበርና፣ አንድ ጥላ በሩ ላይ ሲያርፍ ከበርጩማዋ ተስፈንጥሮ ይቆማል። ለእኔ ብቻ አይነሳም። አባት ለልጁ አይነሳም፤ እኔም ጠብቄው አላውቅም።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣው አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ወጣት ሳለ ከአንድ ነጋዴ ጋር ቡና ሊጭን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ አንድ የቤንች ገበሬ ቤት ሄደ። ራሱ ላይ ጆንያ ደፍቷል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ነጋዴው ገባ፣ አባቴ እንደ ልማዱ ደጅ ቀረ። ገበሬው ደጅ ድረስ ወጥተው እጁን ይዘው አስገቡት፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ለእሱ ተነሱ፤ የተቀመጡበትንም ለቀቁለት። «እስከዚያ ቀን ድረስ» አለኝ አባቴ፣ «ለእኔ የተነሳ ሰው አልነበረም። ጆንያውን እንጂ እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም።» ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ገበሬው በየገበያው ቀን ሚዛን ወርደው የያዙትን ከሸጡ በኋላ አባቴ ጋ ጎራ ይላሉ። አማርኛቸው ኮልታፋ ነበር፤ የአባቴም ቢሆን ከጉራጌኛው ያልተፋታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር።

አሁን ወደ ወለሉ ልመለስ።

ቤታችን የጭቃ ወለል ነበረው። አባቴ እያንዳንዷን ጎድጓዳ በእግሩ ያውቃታል። እኔ ግን ደመወዝተኛ ሆኜ ከቴፒ በመጣሁ ቁጥር ያ ወለል ዓይኔን ይወጋው ጀመር። ማዘዝ የለመደ አፍ አለኝ፤ አርባ ልጅ ፊት ሲቆም የኖረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለኛል። አንድ የዕረፍት ወራት ግንበኛ ጠርቼ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ግንበኛው የዋዛ አልነበረም፤ ሰው ፊቱን እስኪያይበት ድረስ አለሰለሰው። በሩ ላይ ጎርፍ እንዳይገባ ደፍ አስነሳሁ። ለአባቴ አዲስ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ገዛሁለት፣ «ከእንግዲህ በባዶ እግርህ እንዳላይህ» አልኩት። የአክስቴን ልጅ ደግሞ ወለሉን ጠዋት ጠዋት በውኃ እንድታጥብ አዘዝኳት። ጎረቤት እየመጣ ሲያደንቅ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ነበር። አባቴ ብቻ ወለሉን በአውራ ጣቱ ይነካካ ነበር።

«ምነው አባባ፣ አልወደድከውም?»

«ኧረ ያምራል» አለኝ። «ብቻ ምንም አይነግረኝም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሳቅኩበት።

በዚያው ዓመት ደም ግፊት አለብህ ተብሎ ክኒን ጀመረ። ክኒኑን በሰዓቱ እንደሚውጥ አውቃለሁ፤ ራሴ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌለታለሁ። ብድግ ሲል ዓይኑን ጭልም እንደሚያደርገው ግን አላውቅም ነበር። ግድግዳ ዳበስ ዳበስ አድርጎ መሄድ እንደጀመረ አይቻለሁ፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን አዲሱ ደፍ ላይ ተደናቅፎ ወድቆ ነበር። የአክስቴን ልጅ «ለልጄ ብትነግሪ አላናግርሽም» ብሎ አስማላት። እኔ በመጣሁ ጊዜ የክርኑን ቁስል ረጅም እጅጌ ለብሶ ደበቀው። አባቴ ምንም ነገር ደብቆኝ አያውቅም ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ እኔም ለዕረፍት መጥቻለሁ። ሲዘንብ አርፍዶ አባርቷል። የቡና አበባ የሚወጣበት ሰሞን ስለነበር ነፋሱ ያንን ሽታ ከጓሮው እያመጣ ቤቱን ሞልቶታል። የአክስቴ ልጅ ወለሉን አጥባ ገና አልደረቀም። አባቴ በርጩማው ላይ ሆኖ አሸለብ አድርጎታል። እኔ መስኮቱ ስር የልጆች ደብተር አርማለሁ። ቤቱ ራሱ የተኛ ይመስል ነበር። ወዳጁ ገበሬ ከዝናብ የተከለሉበትን ላስቲክ እያራገፉ ብቅ አሉ፤ ጥላቸው በሩ ላይ አረፈ።

«ኖር!» ሲል ሰማሁት።

ቀና ስል አየር ላይ ነበር። እንደዚያ ነው የማስታውሰው፤ በጣም ቀስ ያለ ነገር ሆኖ። አንደኛው ነጠላ ጫማ ብቻውን ወደ ግድግዳው ተንሸራተተ። ገበሬው ዘለው እጅጌውን ያዙት፣ እጅጌው ተቀደደ፣ አባቴ አልተያዘም። ከዚያ ሲሚንቶውን ሲመታ ያ ድምፅ መጣ። ገበሬው የተቀደደውን ጨርቅ በእጃቸው ይዘው ቆመው ቀሩ። አባቴ ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ ሕመሙ ገና ሳይሰማው፣ «ይቀመጡ እንጂ» አላቸው።

ሆስፒታል ውስጥ የጭኑ አጥንት ከዳሌው አጠገብ እንደተሰነጠቀ፣ ደግነቱ ከቦታው እንዳልለቀቀ ነገሩን። ለሳምንታት ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ በመደገፊያ መሄድ ይለምዳል። አንድ ትሑት የጤና ባለሙያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ይጠይቀኝ ጀመር። ክኒን ይወስዳሉ? ሲነሱ ያዞራቸዋል? ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ? ወለሉ ምንድን ነው? እርጥብ ነበር? ጫማቸውስ ተረከዝ ይይዛል? የሚቀመጡበት ምን ያህል ዝቅ ይላል? በየጥያቄው መሀል የእኔን እጅ አየሁት። ሲሚንቶው የእኔ፣ ውኃው የእኔ፣ ጫማው የእኔ። ሰውየው ሊወቅሰኝ አልፈለገም፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይጽፋል። ያኔ አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የአክስቴ ልጅም የደፉን ነገር እያለቀሰች ያወጣችው ያኔ ነው።

ጥፋቴን ላርም ተነሳሁ። ችግሩ እኔ ስደነግጥ የባሰ አዛዥ እሆናለሁ። አባቴ ቤት ከገባ በኋላ የሚያንሸራትተውን ወለል ግንበኛው በመዶሻና በመሮ እንዲያሻክረው አደረግኩ፤ ደፉን አስፈረስኩ፤ በርጩማዋን አስወጥቼ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አስገባሁ። ክኒኑንም ባለሙያው መጠኑን ቀነሰለት። ይህ ሁሉ ደግ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። አባቴን የጣለው ለሰው መነሳቱ ነውና፣ ሰው አይግባበት አልኩ። ጎረቤቶቹን በየቤታቸው እየዞርኩ አባባ እስኪድን ድረስ ሰላምታችሁን በአክስቴ ልጅ በኩል ላኩ አልኳቸው። ገበሬውን ደግሞ የገበያ ቀን አጥሩ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ አባቴ እርስዎን ካየ ይነሳል። ቢነሳ ይወድቃል። እባክዎ ለጊዜው አይምጡበት።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በኮባ የተጠቀለለ፣ በልጥ የታሰረ ጎደሬ ይዘው ነበር፤ አጥሩ ስር አስቀመጡት። «እኔ ነኝ የጣልኩት» አሉ። አይደለም ልላቸው ይገባ ነበር። አላልኩም። የእኔን ጥፋት ትከሻቸው ላይ ጭነው ቁልቁል ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው፤ እስከ ዛሬ ከሚቆጨኝ ነገር ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ጉም ሆኖ ነው የሚታየኝ። ከቴፒ በየሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይተኛል፤ አጠገቡ ሆኜ የልጆች ደብተር እያረምኩ እኔም እንቅልፍ ያዳፋኛል። ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፋ ብርድ ልብሱ ስር ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ፣ ከዚያ ሌሎቹ። እሱም ያችን ሳንቃ እየወጣ ነበር ማለት ነው። እኔ ተቀምጬ ያንን እግር አያለሁ፤ እውኔን ይሁን ሕልሜን የማላውቅበት ጊዜ ነበር።

አጥንቱ ገጠመ። ባለሙያው መጥቶ አየውና ከአሁን በኋላ መነሳትና መሄድ አለበት፣ ያልሠራ እግር ይሰንፋል፣ እንወድቃለን ብለው የሚተኙ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ይወድቃሉ አለን። የሚሄድበትን መደገፊያ አቀረብኩለት።

«ተነስ እንጂ አባባ።»

«ለማን ብዬ?»

«እንዴት ለማን ብዬ ትላለህ? ለራስህ ነዋ!»

«ለራሴ ተነስቼ አላውቅም» አለኝ። አልተቆጣም። እውነቱን ነበር የነገረኝ።

ቀኑ እየገፋ እግሩ እየቀጠነ ሄደ። ቶሎ ካልተነሳ ዳግመኛ እንደማይነሳ እኔም ባለሙያውም አውቀን ነበር። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ወንበሩ ላይ ካስቀመጥነው ይቀመጣል፣ ካስተኛነው ይተኛል። ሰው ሁሉ የት ሄደ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ። ሸክም ማንሳት የተወ ሽማግሌ ማን ይጠይቀዋል ብሎ ያስብ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ለበዓል ትምህርት በተዘጋበት አንድ የገበያ ቀን የአክስቴ ልጅ የጎደሬውን ጥቅል እንዳለ ይዛ ገባች። ገበሬው በየገበያው ቀን አጥሩ ስር ያስቀምጡት ነበርና ለአባቴ ገዝተነው ነው እንለው ነበር። ያን ቀን ኮባውን ሳትፈታ ፊቱ አስቀመጠችው። አባቴ ልጡን አየው፤ ቋጠሮውን ዳሰሰው። ስንት ዓመት የዚያን ገበሬ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ የሚያስሩበትን ቋጠሮ ያውቀዋል።

«እዚህ ድረስ መጥቶ ነው የተመለሰ?»

ልዋሸው አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት።

በዕድሜዬ ሙሉ ተቆጥቶኝ የማያውቅ አባቴ ፊቱን አዞረብኝ። «ቤቴን ዘጋሽብኝ» አለ። «ደጅ ቆሞ እንዲቀር አደረግሽው። እኔን ከደጅ አንስቶ ያስገባኝን ሰው!» ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ ወደ ቴፒ ስመለስ ከሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ላይ ወረድኩና ወደ ገበሬው ቤት የሚወጣውን ቀጭን መንገድ ያዝኩ። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከላዩ ትልልቅ የጥላ ዛፎች አሉ፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። ቀዩ ጭቃ ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ በቂጤ ቁጭ አልኩ፤ ያ ሁሉ ትዕዛዜ እዚያ ምንም አልረዳኝም። ገና ቤቱ ሳይታየኝ ከቡናው መሀል አንዲት ሴት አይታኝ በቋንቋቸው ጮክ ብላ ተጣራች። ሌላ ድምፅ ከላይ መለሰላት።

ደጁ ጋ ስደርስ ሽማግሌው እየተነሱ ነበር። ለእኔ። ላባረርኳቸው ለእኔ! አነሳሳቸውን ልብ ብዬ አየሁት። ሁለቱን እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ ምሰሶውን ይዘው ቀስ ብለው ቆሙ። ምሰሶው እጅ በሚያርፍበት በኩል ልሙጥ ሆኗል።

ጭቃዬን እንደያዝኩ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አባባ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። ሲሚንቶውን፣ ውኃውን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። አንስተው አስቀመጡኝ።

«እኔም ወድቄ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ሰው ሲመጣ ከቡናው ውስጥ ይጣራል። እኔ እሰማለሁ። እግሬን እሰበስባለሁ። እሱ እስኪደርስ እኔ ቆሜያለሁ። ከተማ መጣሪያ የለም፣ በሩ መንገድ ላይ ነው። ሰው ዝም ብሎ ይገባል። እኔም ከተሜ ሆኜ ዝም ብዬ ገባሁበት።»

ባለሙያው ያልጠየቀኝ ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር፤ እንግዳው እንዴት ነው የሚመጣው የሚለው።

ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሚዛን ዋልኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አያናግረኝም። ረፋዱ ላይ ከመንገዱ በታች፣ ከሦስት ቤት ወዲያ፣ አንድ ሽማግሌ በቤንች ቋንቋ ሲጣራ ተሰማ። ሚዛን ውስጥ እንደዚያ የሚጣራ ሰው የለም፤ ባጃጆቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ። አባቴ ቀና አለ። እግሩን ሰበሰበ። እኔ ልይዘው ስል በዓይኑ ከለከለኝ። እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረ፣ ቆየ፣ መሬቱን አየ። ሽማግሌው አጥሩ ጋ ደረሱ፤ ደጁ ላይ የእግራቸውን ጭቃ ድንጋይ ላይ እየፋቁ ቆዩ፣ በጣም ቆዩ። አባቴ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ሻካራው ወለል ላይ በባዶ እግሩ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ ወንድሜ፣ በእግዜር።»

ሁለቱም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ከመንገድ መጣራት ለመደ። ሽማግሌው ደግሞ በየገበያው ቀን ደጁ ላይ እግራቸውን ይፍቃሉ። በጋ ሆኖ መንገዱ አቧራ ብቻ በሆነበት ጊዜ እንኳ የሌለ ጭቃ ሲፍቁ ይቆያሉ፤ አባቴም ውስጥ ሆኖ ይህን እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። ሰው እንደዚህ ሊዋደድ እንደሚችል ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሽማግሌው ቀድመው አረፉ። አባቴ ከዚያም በኋላ በገበያ ቀን፣ በዚያችው ሰዓት፣ እግሩን ሰብስቦ ይነሳ እንደነበር የአክስቴ ልጅ ነግራኛለች። በሩን እያየ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ሳላስበው በገበያ ቀን ከቴፒ መጣሁ። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ መንገዱ ሕልሜ ውስጥ ያለውን ይመስል ነበር። ከሦስት ቤት ወዲያ ሆኜ «አባባ፣ መጣሁ!» ብዬ ተጣራሁ፤ ደጁ ላይ ጫማዬን ድንጋዩ ላይ ፈቅኩ፣ ጭቃ ባይኖረውም። ስገባ ቆሟል። አርጅቶ አርጅቶ ከወንበሩ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ኖር» አለኝ።

ደነገጥኩ። የረሳኝ መሰለኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቄሻለሁ» አለኝ። «ለአንቺ ተነስቼ አላውቅም ብዬ ነው።»

እሱ ወንበሩን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ተቀምጦ እስኪደላደል ድረስ ቆሜ ጠበቅኩት።